አሜሪካ ላላችሁ፦ የቲቪ አንቴና ወርሃዊ ክፍያ አለው ወይ?

ጥያቄው ስለበዛ ላስረዳ፣ የለውም። ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲ፣ ፎክስና ፒቢኤስ በአየር የሚለቁት በነፃ ነው፣ ኬብል ስታስገቡ ግን እነሱንም ጨምሮ ነው በየወሩ የምትከፍሉት፣ ይሄ ሁሌ ያናድደኛል። በፈረንጆቹ ጁን 12 ቀን 2009 ትልልቆቹ ጣቢያዎች አናሎጉን (የድሮውን የስርጭት ዘዴ) ዘግተው ዲጂታል ብቻ ስለሆኑ አሁን አንዱ ጣቢያ 4.1፣ 4.2 እያለ ብዙ ቻናል ይለቃል። "ዲጂታል አንቴና" ብለው በውድ ሲሸጡላችሁ አትሸወዱ፣ የድሮውም አንቴና ይሰራል፣ ዲጂታል መሆን ያለበት ቲቪው ነው፤ አሮጌ ቲቪ ከሆነ ዲጂታሉን ስርጭት የሚቀይርለት ኮንቨርተር ቦክስ ይገዛለታል። ሲኤንኤንና ኢኤስፒኤን ግን የኬብል ቻናሎች ስለሆኑ በአንቴና አይመጡም።

የቻናሉ ብዛት ግን እንደ ቤቱ ይለያያል። ለምሳሌ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ፎቅ ላይ ሆኖ መስኮቱ ወደ ዲሲ የሚያይና እዛው ህንፃ ቤዝመንት የሚኖር እኩል አያገኙም። አንቴናውን ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ቻናል ስካን (ቲቪው የሚገኙትን ቻናሎች እንዲፈልግ ማዘዝ) ድጋሚ አድርጉ።