ስለ ጀማሪዎች የመኪና ውድድር በስህተት የሚታመኑ ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚወዱ የሐበሻ ወጣቶች ስለ ውድድር ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ይነሳል፦ በቴሌቪዥን የሚታየው ፎርሙላ ዋንና ሌሊት ሃይዌይ ላይ የሚደረገው እሽቅድምድም። አንደኛው አይደረስበትም፤ ሁለተኛው ሰው ይገድላል። በመካከል ግን ማንም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ቅዳሜ ወይም እሁድ ሄዶ የሚሞክራቸው ሕጋዊ ውድድሮች ሞልተዋል። ወገኖቻችን እንዳይሞክሯቸው የሚያደርጉ የተሳሳቱ እምነቶች ስላሉ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ልዩ መኪናና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል»

ለአውቶክሮስ አያስፈልግም። ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ ላይ የፕላስቲክ ኮኖች ተደርድረው ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራል፤ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ለብቻው እየገባ ሰዓቱ ይያዝለታል። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ፍጥነቱም ሃይዌይ ላይ ከምንነዳበት እምብዛም አያልፍም። ኮን የገጨ በእያንዳንዱ ኮን 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። በ1944 የተመሠረተው ስፖርትስ ካር ክለብ ኦፍ አሜሪካ መኪኖችን እንደ አቅማቸው ስለሚመድብ፣ ሥራ የሚሄዱበት ካምሪ ከፖርሽ ጋር አይፎካከርም። በአካባቢ ክለቦች የመመዝገቢያው ዋጋ በአብዛኛው ከ100 ዶላር በታች ነው፤ ሄልሜት ለሌለውም ብዙዎቹ ያውሳሉ። ከመሄድዎ በፊት የጎማ ብሎኖችን ማጥበቅ፣ ባትሪው በደንብ መታሰሩን ማየት፣ መኪናው ውስጥ የሚንከባለል ዕቃ ሁሉ ማውጣት ነው፤ የእግር ምንጣፉ ሳይቀር ይወጣል።

አንድ ገደብ አለ፦ ቁመታቸው ረዥም የሆኑ ብዙ ኤስዩቪዎች ለመገልበጥ ስለሚጋለጡ አይፈቀዱም። ደግሞም ተወዳዳሪው የራሱን ዙር ሲጨርስ ሜዳ ላይ ቆሞ የወደቁ ኮኖችን ያነሳል። ይህን እንደ ሸክም የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም፤ ጎበዞቹ የት ፍሬን እንደሚይዙ፣ የት እንደሚለቁ በቅርብ ያያል።

«መንገድ ላይ ፈጣን የሆነ ሜዳ ላይም ይፈጥናል»

በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ቀጥ ባለ ሃይዌይ ላይ ነዳጅ መርገጥ ችሎታ አይጠይቅም። ችሎታ የሚለየው ኩርባ ላይ ነው። ጎማ መሬትን የሚይዝበት አቅም ውሱን ነው፤ ያን አቅም ፍሬን ሙሉ በሙሉ ከወሰደው ለመዞር የሚተርፍ የለም። ስለዚህ በፍጥነት ገብቶ ፍሬን እየረገጠ መሪ የሚጠመዝዝ ጀማሪ መኪናው እንቢ ብሎት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልምድ ያለው ሰው መሪው ቀጥ እንዳለ ፍሬኑን ይጨርሳል፣ ቀስ አድርጎ እየለቀቀ ይዞራል፤ ዓይኑም የቅርቡን ኮን ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ያያል። በዚያው መኪና ጀማሪውን በብዙ ሰከንድ ሊቀድመው ይችላል። ክለቦቹ አሰልጣኝ አብሮ እንዲቀመጥ ስለሚፈቅዱ ሳያፍሩ መጠየቅ ነው።

ጥቅሙ ከውድድር ያለፈ ነው። ኤቢኤስ የሚባለው፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን እግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ በባዶ ሜዳ ማወቅ፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው በበረዶ ቀን ከማወቅ እጅግ ይሻላል።

«ትራክ ዴይ ውድድር ነው»

አይደለም፤ የራስን መኪና ይዞ ትራክ፣ ማለትም የውድድር ሜዳ ላይ የሚሠለጠኑበት ቀን ነው። ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ቅርብ በሆነው ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሳሚት ፖይንት በሚባለው ትራክ ላይ የሚዘጋጁትን የመሰሉ የትራክ ሥልጠናዎች ሰዓትም ሽልማትም የላቸውም። ጀማሪው ከአሰልጣኝ ጋር ይገባል፤ መቅደም የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ፣ ያውም ፊት ያለው አሽከርካሪ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ነው።

ከአውቶክሮስ ይልቅ እዚህ ጥንቃቄ ይበዛል። ያረጀ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚይዝ በሙቀት ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፤ ዘይቱ ከመሄድ በፊት መቀየር አለበት። አብዛኞቹ አዘጋጆች የሞተር ሳይክል ሄልሜት አይቀበሉም። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚለውም አያስተማምንም፦ ብዙ የመኪና ኢንሹራንሶች ትራክ ላይ የደረሰ ጉዳትን አይከፍሉም፤ ውሉን ማንበብ፣ ካስፈለገም የትራክ ኢንሹራንስ ለብቻ መግዛት ይገባል።

«ድራግ ሬስ የሚያሸንፈው ትልቅ ሞተር ያለው ነው»

ድራግ ሬስ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው ቀጥ ባለ 402 ሜትር ሜዳ የሚሽቀዳደሙበት ነው። ጀማሪዎች በሚገቡበት ብራኬት በሚባለው ውድድር እያንዳንዱ አሽከርካሪ ርቀቱን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ይናገራል። ኮሮላው 17፣ ማስታንጉ 13 ካለ፣ ኮሮላው 4 ሰከንድ ቀድሞ ይነሳል። ከተናገረው ሰዓት በታች የገባ በራሱ ፍጥነት ይሸነፋል። ስለዚህ የሚያሸንፈው የመነሻ መብራቱን አይቶ ቶሎ የተነሳና መኪናውን የሚያውቅ ነው። ሌሊት መንገድ ላይ ለመሽቀዳደም የሚያስብ ልጅ ያለው ወላጅ እንደ ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ያለ ሜዳ ቢያሳየው ደስ ይለኛል፤ አምቡላንስና ሕግ ያለበት ቦታ ነው።

«ራሊ አቧራ ማቦነን ነው»

በተራ መንገድ የሚደረግ፣ የፍጥነት ገደብ የሚከበርበት ራሊም አለ። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው መመሪያውን እያነበበ ሰዓትና ርቀት ያሰላል፤ ቀድሞ የደረሰም እንደዘገየው ይቀጣል። ሄልሜት አይጠይቅም፣ ለአውቶክሮስ የማይፈቀደው ኤስዩቪም ይገባበታል፤ ፍጥነት የሚፈራ ሰው ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ።