በውጭ አገር የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ መክፈትና መደገፍ

በውጭ አገር ማሳደጊያ መክፈት ማለት በአንድ አገር በሚሰበሰብ ገንዘብ፣ በሌላ አገር ሕግ ሥር ላሉ ሕፃናት መኖሪያ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ ትምህርትና አሳዳጊ ማቅረብ ነው። ቤቱን መሥራት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ማሳደጊያ በእርግጥ የሚያስፈልገው ልጅ ብቻ እንዲገባ፣ የገባውም ሳይረሳ ወደ ቤተሰብ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ደጋፊው ርቆ ስለሚኖር ይህን በየቀኑ በዓይኑ አያይም፤ አብዛኛው ስሕተትም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

«ወላጅ አልባ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው። ከቤት ያስወጣቸው ድህነት፣ የወላጅ ሕመም፣ የልጁ አካል ጉዳት ወይም በአቅራቢያ ትምህርት ቤት አለመኖሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት እንደማይሆን፣ በተለይ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ፣ ወንድማማቾችና እኅትማማቾችም ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነጣጠሉ ይላል። ስለዚህ መሠረት ከመጣሉ በፊት በአካባቢው ስንት ልጆች በእርግጥ ዘመድ እንደሌላቸው ከመንግሥት የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ጋር ማጣራት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ለአያት የቤት ኪራይና ለልጁ የትምህርት ወጪ መሸፈን፣ አንድ አልጋ በማሳደጊያ ከመያዝ ርካሽም የተሻለም ሆኖ ይገኛል።

ይህ አመለካከት በምርምር የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተጀመረ ጥናት በማሳደጊያዎች ውስጥ ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ለአደራ ቤተሰቦች፣ ማለትም የሌላ ሰው ልጅ በቤታቸው ተቀብለው ለሚያሳድጉ፣ ሰጠ። ወደ ቤተሰብ የሄዱት በአእምሮ ዕድገት በልጠው ተገኙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት ደግሞ የበለጠ ተጠቀሙ። ጨቅላ የሚቀበል ማሳደጊያ ለመክፈት ያሰበ ሰው ይህን ውጤት ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል። ሔርማን ግማይነር እ.ኤ.አ. በ1949 በኦስትሪያ የመሠረተው የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር ልጆችን በትናንሽ ቤቶች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቤት ቋሚ እናት መመደቡም ልጅ የራሴ የሚለው ሰው ያስፈልገዋል ከሚል እምነት የመነጨ ነው።

ሕጉን በተመለከተ በደጋፊው አገር የበጎ አድራጎት ምዝገባ፣ ልጆቹ በሚኖሩበት አገር ደግሞ የድርጅት ምዝገባ ይጠይቃል። ልጅ ለማሳደር የሚሰጠው ፈቃድ ከድርጅት ምዝገባ የተለየ መሆኑን ብዙዎች ዘግይተው ያውቃሉ። መሬቱና ቤቱ በሥራ አስኪያጁ የግል ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም መመዝገብ አለባቸው፤ ጠብ ሲነሣ ልጆቹ ሜዳ ላይ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ የሚገባውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሥልጣን ባለው ቢሮ ደብዳቤ ብቻ ነው። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ከሆነ ያገኘው ሰው፣ ቦታውና ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ለፖሊስ ይነገራል። የለበሰው ልብስም ታጥቦ በስሙ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡን ለማግኘት ሌላ ፍንጭ ላይኖር ይችላልና።

በጀት ሲሠራ በብዛት የሚሳሳተው የሠራተኛ ቁጥር ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ አንድን የሥራ ቦታ ሌትና ቀን ለመሸፈን ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል። አሥር ልጆች ባሉበት ቤት ከ24 ሰዓቱ በ16ቱ ሁለት ሞግዚቶች፣ በቀሪው 8 የእንቅልፍ ሰዓት አንድ ነቅታ የምታድር ሞግዚት ቢመደቡ በሳምንት 280 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ሰባት ሰው ማለት ነው። የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ ስምንት ይሆናሉ። «ሁለት ሞግዚት ይበቃል» ብሎ የጀመረ ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ የደከሙ፣ የሚቆጡና ቶሎ ቶሎ የሚለቁ ሠራተኞች ይኖሩታል። ሞግዚት በተለዋወጠች ቁጥር ልጁ የለመደውን ሰው ያጣል።

ገንዘቡን ለግንባታ ማሰባሰብ ይቀላል፤ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ምግብና መድኃኒት ግን በየወሩ ይመጣሉ። ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ በመጠባበቂያ ሳይያዝ የመጀመሪያውን ልጅ መቀበል አደገኛ ነው፤ የምንዛሪ ለውጥ ብቻውን በጀቱን ሊያጎድለው ይችላል። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ በየዓመቱም በውጭ ኦዲተር ይመርመር። ክፍያ በልጅ ቁጥር ከታሰበ አስተዳዳሪው ልጅ ወደ ዘመዱ ሲመለስ ገቢ ያጣል፤ ስለዚህ ድጋፉ ለፕሮግራሙ በሙሉ ቢሰጥ ይሻላል። ያገለገለ ልብስ በኮንቴይነር መላክም ማጓጓዣውና ቀረጡ ሲደመሩ ልብሱን እዚያው ከመግዛት ሊበልጥ ይችላል።

ለደኅንነት ሲባል ማንኛውም ሠራተኛም ሆነ በጎ ፈቃደኛ ከወንጀል ነጻ የሆነበትን ማስረጃ ያቀርባል፤ የቀድሞ አሠሪውም በስልክ ይጠየቃል። እንግዳ ከልጅ ጋር ብቻውን አይቀመጥም። ለሁለት ሳምንት መጥቶ ሕፃን አቅፎ የሚመለስ ጎብኚ ፍቅሩ እውነተኛ ቢሆንም መለያየትን ይደጋግምበታል፤ ሠራተኛ የሚያሠለጥን ወይም የሒሳብ አሠራር የሚያስተካክል ባለሙያ ይበልጥ ይጠቅማል። መስኮቶች የብረት ፍርግርግ ካላቸው ከውስጥ የሚከፈቱ መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ እሳት ሲነሣ መውጫ አይኖርም። ልጆችም ከሥራ አስኪያጁ ውጭ ለሌላ ሰው አቤት የሚሉበት መንገድ ይኑራቸው።

የእያንዳንዱ ልጅ ጉዳይ ቢቻል በየሦስት ወሩ እንደገና ይታያል፦ ዘመድ ተገኘ ወይ? እናት አገግማለች? አደራ ቤተሰብ አለ? ወደ 18 ዓመት የሚጠጉት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድመው ምግብ ማብሰል፣ ገንዘብ መያዝና ሥራ መፈለግ ይለማመዳሉ፤ ሲወጡ የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያና የራሳቸው የባንክ ሒሳብ ይዘው ይወጣሉ። ማሳደጊያው ቢዘጋ እንኳ የልጆቹ መዝገብ አይጣልም፤ በደረሰኝ ለሚመለከተው ቢሮ ይተላለፋል፣ ለልጁም ቅጂ ይሰጠዋል። ከዓመታት በኋላ እናቱ ማን እንደነበረች ለመጠየቅ የሚመለስ ሰው መልሱን የሚያገኘው እዚያ ውስጥ ነው።