እነዚህ ወታደሮች እዚህ በምን መጡ?

የጦሳ ተራራ ጉም ደሴ ላይ በተኛበት አንድ ከሰዓት ቡናው እስኪፈላ ቼዝ ይዘን ሳለ፣ የእህቴ ልጅ ነጭ ወታደሮችን ኤ2፣ ቢ2 እና ኤ3 ላይ (ፊደሉ ዓምዱ፣ ቁጥሩ ረድፉ ነው) አቁሞ «አጎቴ፣ ይኼ በጨዋታ ሊመጣ ይችላል?» አለኝ።

አይችልም። ነጭ ወታደር ከ2ኛው ረድፍ ይነሳል፣ ወደ ኋላም አይመለስም፤ ስለዚህ ኤ2 እና ቢ2 ላይ ያሉት ከመነሻቸው ንቅንቅ አላሉም። ኤ3 የሚደረሰው ደግሞ ከኤ2 ቀጥ ብሎ ወይም ከቢ2 በሰያፍ በልቶ ብቻ ነው። ሦስተኛው ታዲያ ከየት መጣ?

በጨዋታ ሊመጣ የሚችል አቀማመጥ «ሕጋዊ» ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚምታታው «ሕጋዊ» ሲባል ጥሩ አጨዋወት ስለሚመስለው ነው። ሁለት ጀማሪዎች እንደፈለጉ ቢያበላሹትም፣ ሕጉን ጠብቀው ከመነሻው እስከደረሱበት ድረስ አቀማመጡ ሕጋዊ ነው።

ዋናው ሒሳብ ያለው መብላቱ ላይ ነው። ወታደር ዓምድ የሚቀይረው ሲበላ ብቻ ነው፤ ለአንድ ዓምድ አንድ ጠጠር። ተጋጣሚ ደግሞ ከንጉሡ ሌላ የሚበላበት 15 ብቻ ነው። እንግዲህ ስድስት ነጭ ወታደሮች ከኤ2 እስከ ኤ7 ቢደረደሩስ? አብሽር፣ ይቻላል! የኤው ባለበት ይቆማል፤ የቢው 1፣ የሲው 2፣ የዲው 3፣ የኢው 4፣ የኤፉ 5 ይበላሉ። ድምሩ ልክ 15፤ ጥቁር ንጉሡን ብቻ ታቅፎ ቀረ። እዚያው ሰሌዳ ላይ አንድ ጥቁር ፈረስ ከታየ ግን አቀማመጡ ውሸት ነው። ያው ድርድር ዲ ዓምድ ላይ ቢሆን ከሁለቱም ጎን ስለሚመጡ 9 መብላት ይበቃል።