«የፆታ አመለካከት» ምንድን ነው?

የመምህራን አድማ በተነሣ ቁጥር ሕዝብ በመጠይቅ ይጠየቅና «ሴቶቹ ደገፉ፣ ወንዶቹ ተቃወሙ» የሚል ትንታኔ ይመጣል፤ ያም «የፆታ አመለካከት» ተብሎ ይቀርባል። አይደለም። ያ የመላሹ ፆታ ነው። የፆታ አመለካከት ማለት ሰው ወንድም ይሁን ሴት፣ «ሴት ምን መሆን፣ ምን መጠየቅ ይገባታል?» ለሚለው ልቡ ውስጥ ያለው መልስ ነው። የደብረ ብርሃኗ እናትና የመሐል ሜዳው አባት አንድ ዓይነት መልስ ሊኖራቸው ይችላል።

ከዚህ የባሰው «እኛ መምህርትን እንደ እናት እናከብራለን፤ አድልዎ ከየት መጣ?» የሚለው ክርክር ነው። ወንድሜ፣ ከዚያው ከክብሩ ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ግሊክና ፊስክ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት የፆታ አድልዎ መለኪያ 22 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ 11ዱ ጥላቻን፣ 11ዱ ደግሞ ደግ መሳዩን አድልዎ፣ ማለትም ሴትን እያወደሰ የሚያስራትን፣ ይለካሉ። በኋላ በ19 አገሮች ሲሞከር፣ አንዱ ከፍ ባለበት አገር ሌላውም ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

የመንዝን በርኖስ አስቡት። ደረቅ ሳለ ያሞቃል። ዝናብ ሲመታው ውኃ ጠጥቶ ትከሻ ይሰብራል፣ ክንድም አያስዘረጋም። «መምህርት እናት ናት» የሚለው ውዳሴም የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ እስኪነሣ ድረስ ያሞቃል፤ ሲነሣ «እናት ልጆቿን ጥላ ትወጣለች?» ይሆናል። ሱፉ ያው ነው፤ የመጣው ዝናቡ ነው። ያንኑ ጭማሪ ለጠየቀው ወንድ ግን «ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ ምን ያድርግ?» ይባልለታል።

ይህን ለመለየት በሁሉም ነገር አንድ የሆኑ ሁለት የመጠይቅ ቅጾች ይዘጋጃሉ፤ በአንዱ አድማ የመታችው ወ/ሮ፣ በሌላው አቶ። ማን የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ ይለያል። የፆታ አመለካከት ጥያቄዎቹ ከአድማው ጥያቄ ጋር ከተጠጉ መላሹ ይነቃል፤ መሐል ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ ይጠየቅ። እንግዳ ላለማስቀየም ለሁሉም «ልክ ነው» የሚል ብዙ ነውና ጥቂቶቹ ዓረፍተ ነገሮች በተቃራኒው ሐሳብ ይጻፉ። ባል አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሚስት የሰጠችው መልስ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ለብቻዋ፣ በሴት ጠያቂ ይሁን።

የአሜሪካን ውጤት እንዳለ መገልበጥም ስሕተት ነው። እዚያ ከአራት መምህራን ሦስት ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ እኛ ዘንድ መዋዕለ ሕፃናት የሴቶች፣ ሁለተኛ ደረጃ በብዛት የወንዶች ነው። ስለዚህ «መምህር ሲባል ማን መጣብህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ደግሞም አድማን የሚፈቅደው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን፣ ስለዚህም የመንግሥት መምህርን፣ አይመለከትም። «ሕጉ አይፈቅድላቸውም» ብሎ አድማውን የተቃወመ ሰው ከፆታ አመለካከት ተርታ አይቆጠርም፤ ምክንያቱ በሌላ ጥያቄ ለብቻው ይመዝገብ።