«ያለ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕመም፦ ስለ ሴቶች ሽንት ማምለጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማስነጠስ ሲመጣባት እግሮቿን ቶሎ አጣምራ የምትቆም ሴት አይታችሁ ይሆናል። ለቅሶ ቤት ገና እንደገባች ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ታያለች። ረጅም መንገድ ካለባት ከዋዜማው ጀምራ ውሃ አትጠጣም። ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ ሞዴስ አለ፤ የወር አበባዋ ከቆመ ግን ዓመታት አልፈዋል። ሽንት ያመልጣታል። ለባሏም፣ ለእህቷም አልተናገረችም።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ዝምታው ብቻ አይደለም የሚያሳዝነኝ። እንደምንም ደፍራ ሐኪም ቤት ስትሄድም ስለ ምርመራው የሰማችው የተሳሳተ ነገር መንገድ ይዘጋባታል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ወልጃለሁ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል፤ ያለ ነው»

ብዙ ሴቶች ላይ መድረሱ እውነት ነው። ግን የጥርስ መበስበስም ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ጤና ነው የሚል የለም። እርግዝናና ወሊድ ፊኛን ከሥር ደግፈው የያዙትን ጡንቻዎች ያላላሉ። ካረጡ በኋላ የኢስትሮጅን ሆርሞን መቀነስ አካባቢውን ያሳሳዋል። እነዚህ ምክንያቶች ናቸው፤ ሕክምና የለውም ማለት አይደሉም። ደግሞ ወልደው የማያውቁ፣ የሚሮጡና የሚዘሉ ወጣት ስፖርተኞችም ያመልጣቸዋል። በኦፕሬሽን መውለድም ዕድሉን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

«ካመለጠ አመለጠ ነው፤ ምን ዓይነት አለው?»

አለው። ሕክምናውም በዓይነቱ ይለያያል። ስለዚህ የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ስታደርጊ ነው የሚያመልጥሽ?» መሆን አለበት።

ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ከልብ ስትስቅ፣ ጀሪካን ስታነሳ ጠብ የሚልባት ሴት አለች። ሆድ ውስጥ ግፊት ሲጨምር የሽንት መውጫው ግፊቱን መቋቋም አቅቶታል። ሌላዋ ስትስቅ ምንም አትሆንም። ግን ድንገት ይመጣባትና እስክትደርስ አይጠብቃትም። እነዚህ ሴቶች የሚነግሩን ነገር ይመሳሰላል፦ ቁልፉን በሩ ላይ ስታዞር፣ ወይም እጇን በቧንቧ ውሃ ስትታጠብ ያመልጣታል። እዚህ ላይ ችግሩ ፊኛው ሳይሞላ ራሱን መጭመቁ ነው። ብዙ ሴቶች ደግሞ ሁለቱም አብረው አሉባቸው።

ሦስተኛው ቶሎ አይታወቅም። ፊኛው በደንብ አይራገፍም፤ ሞልቶ ይተርፍና ጠብ ጠብ ይላል። ለረጅም ጊዜ ስኳር ያለባትና ነርቮቿ የተጎዱ ሴት ላይ ይህን መጠርጠር ያስፈልጋል።

በአገራችን ደግሞ የማይረሳ አራተኛ አለ። ቀንም ሌሊትም ያለማቋረጥ የሚፈስ፣ በተለይ ከረዘመ ምጥ በኋላ የጀመረ ከሆነ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል፤ ፊኛና ብልት መካከል ቀዳዳ ተፈጥሯል ማለት ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ሆስፒታል ከ60,000 በላይ ሴቶችን በነፃ አክሟል። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ፊኛ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይገባል። ብልት ውስጥ የተደረገው ጥጥ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ተሰፍቶም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ። «ኦፕሬሽኑ አልያዘልኝም» ብለው ተስፋ ከመቁረጣቸው በፊት እንደገና ሊመረመሩ ይገባል። ቀዳዳው ድኖ የቀረው የሽንት መውጫው መላላት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ሌላ ሕክምና አለው።

«ብርድ መቶኝ ነው፤ አለበለዚያም ኢንፌክሽን ነው»

ኢንፌክሽን ሽንትን ያጣድፋል፣ እንዲያመልጥም ያደርጋል። ለዚህ ነው የሽንት ምርመራ መጀመሪያ የሚታዘዘው። ኢንፌክሽን፣ ስኳርና ደም መኖሩ ይታይበታል። ስህተቱ ሳይመረመሩ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ እየገዙ መዋጥ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያስነጥሱ የሚያመልጥ ሽንት በአንቲባዮቲክ አይቆምም። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ግን ለሐኪሙ ንገሪ። ለደም ግፊት ከሚሰጡት አንዳንዶቹ ሽንት ያበዛሉ፤ ሳል የሚያመጡም አሉ።

«ሐኪሙ በማሽን ካላየው ምኑን ያውቀዋል?»

እኔ በጣም የማምነው ምርመራ አንድ ደብተርና አንድ ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ ጆግ ነው። ለሦስት ቀን የጠጣሽውን፣ የሸናሽውን መጠንና ያመለጠሽን በየሰዓቱ መጻፍ ነው። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ግን ብዙ ጊዜ አንድም ሰው አይነግረንም። አንድ ገጽ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ጠዋት 1 ሰዓት፦ ሽንት፣ 400 ሚሊ ሊትር።
2 ሰዓት፦ ሻይ፣ አንድ ብርጭቆ።
4 ሰዓት፦ ቡና፣ አቦልና ቶና።
5 ሰዓት፦ ሽንት፣ 120። አጣደፈኝ፤ በሩ ጋ ስደርስ ትንሽ አመለጠኝ።
5 ሰዓት ተኩል፦ 90። አጣደፈኝ።
10 ሰዓት፦ ልጁን ሳነሳ ጠብ አለብኝ።

እዩት እስቲ። ጠዋት 400 የያዘ ፊኛ ከቡናው በኋላ በ90 «ሞልቻለሁ» አለ። ስለዚህ ፊኛዋ ትንሽ አይደለም፤ ተቆጥቷል። ቡናው እንደሚያባብሰው ጠርጥሮ ቶናውን ትቶ ማየት ይቻላል። 10 ሰዓት ላይ ያመለጠው ግን ከማጣደፉ ጋር አይገናኝም፤ ክብደት በማንሳት የመጣ ነው። ሁለቱም ዓይነት አለባት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያወቅነው ያለ ምንም መርፌ፣ ያለ ምንም ማሽን ነው። ጆጉን ሽንት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ሊያሳፍር ይችላል። ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ፤ ለሦስት ቀን ነው።

«ሽንቴን ሸንቼ፣ ታጥቤ ነው ሐኪም ፊት የምቀርበው»

እባክሽ አትሽኚ። ከጨዋነት የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ግን ፊኛሽን ባዶ አድርገሽ ከገባሽ ማስረጃው ጠፋ። የሳል ምርመራ የሚሠራው ፊኛ ሞልቶ ነው። ሐኪሙ «እስቲ ጠንከር አድርገሽ ሳይ» ይልሻል፤ መጀመሪያ ተኝተሽ፣ አስፈላጊ ከሆነም ቆመሽ። በሳሉ ቅጽበት ጠብ ካለ፣ በሳል የሚመጣው ዓይነት ተረጋገጠ። ሳሉ ካለፈ ጥቂት ቆይቶ ከፈሰሰና ካልቆመ ደግሞ ሳሉ ፊኛውን ቀስቅሶት ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ማምለጡ ነውር አይደለም፤ የተፈለገው እሱ ነው። ሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ አብራሽ እንድትሆን መጠየቅም ትችያለሽ።

ከዚያ ትሸኛለሽ፤ ውስጥ የቀረው በአልትራሳውንድ ወይም በካቴተር (ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ይለካል። ከ50 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ፊኛው በደንብ ተራግፏል። ከ200 በላይ ከሆነ አለመራገፉ ግልጽ ነው። በዚያው ምርመራ ሐኪሙ ፊኛን ከሥር የሚደግፉትን ጡንቻዎችሽን በጣቱ ይፈትሻል፦ «ሽንት እንደምትይዢ አድርገሽ ጭመቂ»። ብዙ ሴቶች እየጨመቁ ሲመስላቸው ወደ ታች ይገፋሉ። ለወራት እነዚህን ጡንቻዎች የሚያጠነክረውን ስፖርት ሠርተው «ምንም አልለወጠኝም» የሚሉት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

«ዩሮዳይናሚክስ ካልተሠራልኝ በደንብ አልተመረመርኩም»

ይህ የፊኛን ግፊት የሚለካው ምርመራ ነው። አንድ ቀጭን ቱቦ ፊኛ ውስጥ፣ ሌላ ደግሞ ፊንጢጣ ወይም ብልት ውስጥ ይገባል። ፊኛው በንጹሕ ፈሳሽ ቀስ እያለ ይሞላል። መቼ እንደመጣብሽ ትናገሪያለሽ፣ ትስያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ትሸኛለሽ። ምቾት አይሰጥም፤ ማደንዘዣ ግን አያስፈልገውም። አንዳንዴ በኋላ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

ጥሩ ምርመራ ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት 630 ሴቶችን ያካተተ ነበር። ሁሉም በሳልና በማስነጠስ የሚያመልጣቸው፣ ሌላ የተወሳሰበ ችግር የሌለባቸውና ኦፕሬሽን የታቀደላቸው ናቸው። ግማሾቹ ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ ያለ ዩሮዳይናሚክስ የሚያደርገው ምርመራ ብቻ ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ ዩሮዳይናሚክስ ተጨመረላቸው። ከዓመት በኋላ ውጤቱ እኩል ነበር፤ በሁለቱም በኩል ከ100 ሴቶች 77 ያህሉ ተሳክቶላቸዋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያሉት ሴቶች ይህን ምርመራ ፍለጋ ገንዘብና ወራት መጨረስ አያስፈልግም። ከዚህ በፊት ኦፕሬሽን ተደርጎላት ካልተሳካ፣ የነርቭ ሕመም ካለባት፣ ፊኛዋ ካልተራገፈ ወይም ምልክቷና ምርመራዋ ካልተጣጣሙ ግን ያኔ ቦታው ነው።

«ውሃ ባልጠጣ ይቀልለኛል»

አይቀልም። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፣ ሆድ ድርቀትም ያመጣል። ድርቀቱ ደግሞ ፊኛውን ይጫነዋል። ማታ ከመተኛት በፊት ባለው ሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ መጠጣት መቀነስ ሌላ ነገር ነው።

«ሌላ ቀን እሄዳለሁ»

ደብተሩን ጀምሮ ቀጠሮ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይቻላል። የሚከተሉት ግን ቀጠሮ አይጠብቁም፦ ሽንት ውስጥ ደም ማየት፣ ትኩሳት ከጎን ሕመም ጋር፣ ጭራሽ መሽናት አለመቻል። ሽንት ማምለጡ ከእግር መዛል ወይም በመቀመጫና በጭን መካከል ከመደንዘዝ ጋር አብሮ በድንገት ከጀመረ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።