የድሮ ዘፈን ናፍቆት

«የድሮ ዘፈን» ሲባል ያለፈ ዘመን ዘፈን ሁሉ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው በዚህ ስም የሚጠራው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸውን፣ ሳክስፎንና ትራምፔት የሚያጅበውን፣ በሸክላ የተሸጠውን ሙዚቃ ነው። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ይሰማል፣ በበዓል ቀን ሬዲዮ ላይ ይሰማል፣ ሠርግ ቤት ሲመሽ ደግሞ ትልልቆቹን ከመቀመጫቸው ያስነሳል። ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር አብሮት የሚነሳ ወሬም አለ፤ ያኔ ሰው ይከባበር ነበር፣ ጎረቤት የጎረቤትን ልጅ ይቀጣ ነበር፣ ፍቅር በደብዳቤ ነበር። ናፍቆቱ የዜማም የኑሮም ነው።

ናፍቆቱ ራሱ ግን ከሸክላው ይቀድማል። ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው። ቃሉም፣ ቅኝቱም፣ በቅኝቱ የሚዜመው ዘፈንም በአንድ ስም ይጠራሉ። አዝማሪው በማሲንቆ፣ አስናቀች ወርቁ በክራር፣ ማህሙድ አህመድ በሙሉ ባንድ፣ በዛወርቅ አስፋው በዚያ በሚያባባ ድምጿ ሁሉም የየራሳቸውን ትዝታ ተጫውተዋል። እንግዲህ ዛሬ የምንናፍቃቸው ሰዎች እነሱም እየናፈቁ ነበር የሚዘፍኑት። ይህን የረሳ ሰው የዚያን ዘመን ሙዚቃ የደስታ ዘመን ሙዚቃ ብቻ አድርጎ ይሰማዋል።

የባንዱ ድምፅ የተወለደው ከሰልፍ ሙዚቃ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» ተብለው የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ምድር ጦር የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ተጫዋቹ ወታደር ነው፤ ደመወዝ አለው፣ የደንብ ልብስ አለው፣ የልምምድ ሰዓት አለው፣ ቢያረፍድ ይቀጣል።

በእኔ እምነት ሰዎች «የድሮ ዘፈን አይሰለችም» ሲሉ የሚሰሙት ይህንን ሥርዓት ነው። ግጥሙን አንዱ ይጽፋል፣ ዜማውን ሌላው ይሠራል፣ እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያለ ባለሙያ ያቀናብረዋል፣ ድምፃዊው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቀረጻ ሲሆን ባንዱ በአንድ ክፍል አብሮ ይጫወታል፤ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። የአንዱ ሸክላ ፊት ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዝም፤ ስለዚህ ለትርፍ ቃል ቦታ የለም። ባለቅኔው በሁለት ስንኝ ሰሙንም ወርቁንም መጨረስ ነበረበት።

ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ብቸኛ መብት በነበረበት ጊዜ ያንን የደፈረ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ ሪከርድስን ከፈተ፤ ከመጀመሪያዎቹ መካከልም አለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ። ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ። የመንግሥት ኦርኬስትራ ያልያዛቸው ባንዶች በሆቴልና በክለብ እየተጫወቱ ያደጉት በነዚህ ጥቂት ዓመታት ነው።

ስለ እሴቱ ስናወራ ግን እውነቱን ሙሉ መናገር አለብን። ያ «ተከባባሪ» ትውልድ ዘፋኙን አላከበረም። አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ ነበር፤ ልጅ ሙዚቀኛ ሊሆን ነው ሲባል ቤተሰብ ያዝን ነበር፤ የሴቶቹ ደግሞ ባሰ፣ የመድረክ ሴት ስሟ ይጠፋ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር ለሙዚቃ ያደረበትን ፍቅር አያቱ አልወደዱለትም። ክቡር ዘበኛ ከገባ በኋላም ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጋር በተያያዘ ታስሯል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ሲያርፍ ግን በመንግሥት ደረጃ ተቀበረ፤ አገር በሙሉ አለቀሰ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ርቀት የሕዝባችን አስተሳሰብ የተጓዘው ርቀት ነው፤ ያንን መንገድ የጠረጉት ሙዚቀኞቹ ናቸው።

ደርግ ሲመጣ የሰዓት እላፊ ሌሊቱን ዘጋው። ክለቦቹ ተዳከሙ፣ ሸክላ ቀርቶ ካሴት መጣ፣ ብዙዎች ተሰደዱ። ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄዶ ጥቂቶቹ አባላት እዚያው ቀሩ። ከእነሱም አንዱ፣ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይይዝ ነበር፤ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ይለማመድበታል። ሙሉቀን መለሰ ደግሞ በዝናው ላይ ሳለ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ ወደ መንፈሳዊ ሕይወት ዞረ። በስደት ያለው አድማጭ እነዚህን ድምፆች የያዘበት ሁኔታ ከአገር ቤቱ ይለያል። እሱ የናፈቀው ዘመንን ብቻ አይደለም፣ ቦታንም ነው፤ ዋሽንግተን ያለ ሬስቶራንት ውስጥ የሚሰማ የድሮ ዘፈን ፒያሳን ጭምር ይዞ ነው የሚመጣው።

የውጭው ዓለም ይህን ሙዚቃ በስፋት ያወቀው ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ የቆዩትን ቅጂዎች ሲያሳትም። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ፣ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን፣ የማህሙድ ድምፅ አዲስ አድማጭ አገኙ። ወጣት ባንዶችም ዛሬ ተመልሰው ያጠኗቸዋል።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙው ሥራ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ያለቀ ነበር። ዛሬም ሬዲዮ ላይ ዘፈኑ ሲያልቅ የሚጠራው የድምፃዊው ስም ብቻ ነው። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው፣ ሳክስፎኑን የነፋው ማን ነው? ከሸክላው ልጣፍ ላይ ስማቸው የሌለ፣ የደንብ ልብስ ለብሰው ሲለማመዱ የዋሉ ሰዎች አሉ፤ ይህን የሚያውቁት አብረዋቸው የነበሩት ናቸው፣ እነሱም እያለቁ ነው።