ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ገዳይን ሳይሆን ሕግን ነው የሚዳኘው

አምባገነን ሲወድቅ የሁሉም ምኞት አንድ ነው፦ ገዳዮቹ የእጃቸውን ያግኙ። ዐይን ሁሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ላይ ያርፋል። ከፍርድ ቤቱ የሚጠበቀውና የሚሠራው ግን ለየቅል ነው። ብዙ ጊዜ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ገዳዮቹን የሚቀጣው እሱ ነው»

አይደለም፤ ያ የመደበኛ ፍርድ ቤት ሥራ ነው። ሕገ መንግሥታዊው በዋናነት የሚጠይቀው ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይሄዳል ወይስ አይሄድም ብሎ ነው።

«ሁልጊዜ ከተበዳይ ጎን ይቆማል»

ደቡብ አፍሪካን እንይ። የአፓርታይድ ተቃዋሚው ስቲቭ ቢኮ በ1977 ፖሊስ እጅ ላይ ሞተ። ሌላው ተቃዋሚ፣ የሕግ ጠበቃ የነበረው ግሪፊትስ ምክሴንጌ፣ በ1981 ደርባን አጠገብ በስለት ተገደለ። ከአፓርታይድ በኋላ የወጣው ሕግ ደግሞ፣ ለፖለቲካ ዓላማ የፈጸመውን ሁሉ ሳይደብቅ ለተናገረ ሰው ምሕረት ፈቀደ። ምሕረቱ ከእስር ብቻ አይደለም የሚያድነው፤ ካሳ ተብሎ እንኳ መክሰስ አይቻልም። የሟቾቹ ቤተሰቦች ሕጉ ይሻርልን ብለው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሄዱ። በሐምሌ 1996 ተረቱ።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ኢስማኤል መሐመድ ምሕረቱ የተበዳዮችን መብት እንደሚነካ አልሸሸጉም። ነገር ግን ሽግግሩን ያስቻለው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ራሱ ምሕረትን ያዛል፤ ገዳይም የሚጠቅመው ነገር ከሌለ አፉን አይከፍትም አሉ። አመክንዮው ይገባኛል። ለምክሴንጌ ልጆች ግን እንዴት ይዋጥላቸዋል? በ1997 ገዳዮቹን መደበኛው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሏቸው፣ ቅጣቱ ሳይወሰን ምሕረቱ ደረሰላቸው።

«ምሕረት ከተባለ ሁሉም ነፃ ወጣ»

ከ7 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ አብዛኛው ውድቅ ሆኗል። የቢኮ ፖሊሶችም በ1999 ተከልክለዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በ2003 «ማስረጃ አይበቃም» ተብሎ ሳይከሰሱ ቀሩ። እንዲህ የተንጠለጠሉ መዝገቦች ብዙ ናቸው፤ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ክሶቹን ያስቆመ ሰው እንዳለ የሚያጣራ ኮሚሽን ያቋቋሙት ገና በ2025 ነው።

«ያኔ ሕጋዊ ከነበረ አያስጠይቅም»

እንደ አገሩ ነው። የሀንጋሪ ፍርድ ቤት በ1992 የኮሚኒስቶቹን ዘመን ወንጀል ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) የሚያነሳውን ሕግ ሻረ። የጀርመኑ በ1996 ተቃራኒውን አለ፦ ከምሥራቅ ጀርመን በድንበር የሚሸሽን ሰው መተኮስ የፈቀደ ደንብ ለገዳይ መከላከያ አይሆንም።

«እኛም ጋ ይህ ፍርድ ቤት አለ»

የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያግዘዋል። የደቡብ አፍሪካን ምሕረት እዚህ እናምጣ ለሚሉ ደግሞ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 28 አለ፦ ዘር ማጥፋት፣ ያለፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ በይርጋ አይታገዱም፤ ምሕረትም ይቅርታም የላቸውም። ሞት የተፈረደበትን ግን ርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ሊያወርዱለት ይችላሉ።